ዘፈኗ የምትቆምበት ቦታ

ዝላትኮ ዕድሜውን ሙሉ ሩሴ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ልጁ አግብታ ስትሄድ ጥላው የሄደችው ፒያኖ ፊት ተቀመጠ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ካሜሊያ ስሟ የአበባ ስም ስለሆነ፣ በአገራቸው ልማድ የስሟ ቀን በሆሳዕና ይከበርላታል፤ በዚያ ቀን፣ በእጮኝነታቸው ጊዜ የጨፈሩባትን ዘፈን ሊጫወትላት አስቦ ነው።

ዜማዋ ቀላል ናት። ጣጣው በግራ እጁ ሦስት ድምፅ በአንዴ የሚመታባቸው ኮርዶች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ እጁ የጋለ ብረት እንደነካ ብድግ ይላል፤ ጣቶቹ ማረፊያቸውን እስኪያገኙ ዘፈኗ ትቆማለች።

የፒያኖ አስተማሪው ቬሰላ የልጁ እኩያ ናት። "ጋሼ፣ ሦስቱንም ጣት ለምን ያነሳሉ?" ትለዋለች። "ሁለቱ ኮርዶች የሚጋሩት ድምፅ አለ። እሱን የያዘው ጣት ይቆይ፣ ሌሎቹ ብቻ ጠጋ ይበሉ።"

እሱ ይገባዋል። እጁ ግን አይገባውም።

የሚለማመደው ካሜሊያ ሥራ ስትውል፣ ድምፅ የሚያፍነውን ፔዳል ረግጦ ስለነበር ማንም አይሰማኝም ብሎ ነበር። አንድ ቀን ሲጋራ ሊያጨስ በረንዳ ሲወጣ፣ የታች ፎቋ ዮርዳንካ ልብስ እያሰጣች ያቺኑ ዘፈን ስታንጎራጉር ሰማት። እሱ የሚቆምበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። አንድ ካልሲ አሰጣች። ከዚያ ቀጠለች።

ዝላትኮ ሲጋራውን ሳይለኩስ ተመልሶ ገባ። ለካ የብርዱን ወራት ሙሉ ሕንፃው ገመናውን ሲያዳምጥ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ሰው እንዳይገጥመው ሊፍቱን ትቶ በደረጃ ይወጣ ጀመር። ልምምዱን ግን አልተወም፤ ቢተወው ደግሞ አቃተው ሊባል ነው።

ሆሳዕና ደረሰ። በዚያ ቀን እንግዳ አይጠራም፣ ራሱ ይመጣል። ጎረቤቱ የአኻያ ቅርንጫፉንና ወይኑን ይዞ ቤቱን ሞላው። ዓሣው ተበልቶ ሲያልቅ ዮርዳንካ ጀመረች።

"በል ጋሽ ዝላትኮ፣ ያቺን ዘፈን። ሁላችንም ይዘናታል።"

"የቷን ዘፈን?" አለች ካሜሊያ።

"ውይ፣ አንቺ አልሰማሽም? ባልሽ እኮ ሕንፃውን ሙሉ ዘፋኝ አድርጎታል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ሄዶ ተቀመጠ፤ እንግዶቹም አብረውት ጀመሩ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ትንሿ ጣቱ ሳትነቃነቅ ቀረች፣ ሌሎቹ ሁለቱ ጠጋ አሉ፤ ኮርዱ ያለ ክፍተት አለፈ። እንዲህ ሲሆንለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እንግዶቹ ግን እንደለመዱት ቆሙ። እሱ ተሳፋሪዎቹን ፌርማታ ላይ ጥሎ እንደሄደ አውቶቡስ ብቻውን ነጎደ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

"ኧረ ጠብቀን" አለች ዮርዳንካ። "መቆሚያዋ አይደለች እንዴ የምታምረው?"

እስከ ጆሮው ቀላ። እንደገና ጀመረ፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ እጁን አነሳና ጠበቃቸው። ሁሉም እኩል ገቡ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ካሜሊያ ሳህን እየሰበሰበች፣ "የኔዋ የመጀመሪያዋ፣ ያልቆመችው ነበረች፣ አይደል?" አለችው።

"አዎ" አለ ቀና ሳይል። ከጠረጴዛው ልብስ ላይ የዓሣ አጥንት እየለቀመ ነበር።