የእማማ አስካለን ሳቅ ዓመት ያቆዩልን ረቢ

ረቢ ናታን ባለፈው ሰኞ ማሪዬታ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ አርፈዋል። በአይሁድ ሃይማኖታቸው ወግ ቀብሩ በማግስቱ ስለተፈጸመ ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም። ይህን የምጽፈው በእሳቸው ቫን ክሊኒክ ለተመላለሳችሁ፣ እሳቸው ተሸክመው ባወጡት ፍራሽ ላይ የመጀመሪያውን የአሜሪካ እንቅልፍ ለተኛችሁ ሁሉ ነው።

ምኩራባቸውን ትተው የፊልም ፕሮዲዩሰር የሆኑት በጎልማሳነታቸው ነበር። ለምን ሲባሉ «በብርሃን ስሰብክ ሰው ያንቀላፋብኝ ነበር፤ ጨለማ ውስጥ ሳስቀምጠው ግን ዓይኑን አይከድንም» ይሉ ነበር። ከፊልም ባገኙት ገንዘብ ቡፎርድ ሃይዌይ በተባለው ጎዳና ላይ ለአዲስ መጤዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ። «ስምዎ በሩ ላይ ይጻፍ» ብንላቸው «መጀመሪያ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ይጻፉ» አሉን።

እኔን በአስተርጓሚነት ቀጥረው ፊልም ማቀናበር አስተማሩኝ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ስቶን ማውንቴን ከተማ ስለሚኖሩ አዛውንት ስደተኞች አንድ ፊልም ሠራን። የፊልሙ ነፍስ እማማ አስካለ ነበሩ። መኪና መንዳት ሲማሩ፣ ከአስተማሪው ጋር ሲሟገቱና በሳቅ ሲንፈራፈሩ ይታያሉ። ፊልሙ ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ልጃቸው አገር ቤት ሞተ። ዘመድ ተሰብስቦ መርዶ አረዳቸው፤ ጥቁር ለበሱ።

ከረቢ ጋር ለቅሶ ስንደርስ እማማ እጄን ያዙኝ። «ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ስገለፍጥ ሰው ይየኝ? ምን ይሉኛል?»

«እማማ፣ የተቀረጸው እኮ በፊት ነው። አሁን ካንስል ካደረግነው ረቢ የፊልም አከፋፋያቸውን ያጣሉ» አልኳቸው።

ረቢ እስከዚያ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ በእነሱ ወግ ሐዘንተኛው ሳይናገር ለቅሶ የደረሰ ሰው አይናገርም። የተባለውን ስተረጉምላቸው «ጥቁሩን መቼ ነው የሚያወልቁት?» ሲሉ ጠየቁ።

«በሙት ዓመቱ» አሉ እማማ።

«እንግዲያው ፊልሙም እስከዚያ ጥቁር ይልበስ» አሉ ረቢ።

አከፋፋዩ «እሷን ቆርጣችሁ አውጡና እናሳየው» ቢላቸው «ምሰሶውን ነቅለን ቤት ልናሳይ ነው?» ብለው መለሱለት። አከፋፋዩም ውሉን አፈረሰ። ረቢ ፊልም አያውቁም ተባለ። እኔም ድካማችን ሜዳ ላይ የቀረ መስሎኝ አለቀስኩ።

በዓመቱ እማማ አስካለ ጥቁሩን አወለቁ። ረቢ ራሳቸው ለፊልሙ ምረቃ አምጥተው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ጥርሳቸውን አይተን አናውቅም ነበር። ፊልሙ ላይ አስተማሪውን ሲሞግቱት ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ቢሉ ቢሠሩ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አዳራሹ በሙሉ ተከተላቸው። መብራት ሲበራ ወደ ረቢ ዞሩ። «አባ፣ ያ ሳቅ የእኔ ነው? እኔ እኮ የጠፋብኝ መስሎኝ ነበር።»

ስተረጉምላቸው ረቢ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

ረቢ ናታን፣ የመጨረሻው ፊልምዎ በሚመጣው ወር ይመረቃል። ልጆችዎን «እናቆየው?» ብዬ ስጠይቃቸው ትእዛዝዎን ነገሩኝ፦ «ለእኔ አንድ ቀን እንዳታቆዩት፤ ሰው ይሳቅ።» ከባድ ነገር አዘዙን። እርስዎ በሌሉበት አዳራሽ እንዴት እንደሚሳቅ እኔ አላውቅም። እማማ አስካለ ግን «እናንተ ካቃታችሁ እኔ እጀምርላችኋለሁ» ብለዋል። ደህና ይሁኑ፣ አባታችን።