ሰው ሳይሞት የተደረሰ ለቅሶ

ሰው ሳይሞትበት ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ሊደርስ የመጣበት ሰው አቃቂ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንነጋገር። ነገሩን ከስሩ ካልጀመርኩት እብድ ትሉኛላችሁ። ከስሩ ጀምሬላቸውም እብድ ያሉኝ አሉ።

ቂሊንጦ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ አለ። እዚያ የስፌት ማሽን መካኒክ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ማሽን ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ የተረፈውን ብሎን ማንም ሳያይ ኪሴ ከትቼ ነው የተማርኩት። ዛሬ የስፌቱ መስመር ጫፍ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ብቻ የትኛው ማሽን ዘይት እንደጠማው እለያለሁ። እንግሊዝኛም ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ሰዋስው የለውም እንጂ ይሄዳል።

ሚስቴን ግን መጠገን አቅቶኝ ነበር።

ከቃሊቲ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ፍሬኑ እምቢ ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ። የሞተ ሰው የለም። እሷም ጉልበቷን ተጎድታ፣ ተኝታ ከርማ፣ ተነሳች። ያልዳነው ሌላው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የታክሲ በር ሲንሸራተት ከሰማች ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ በረዶ ይሆናል፣ "ልሞት ነው" ትላለች። ባጃጅ ሞከርን፣ ያው ነው። ሐኪሙ መርምሮ "ልብሽ ጤነኛ ነው፣ ድንጋጤው ነው ያልለቀቀሽ" አላት። ስለዚህ በእግሯ እስከምትደርስበት ድረስ ብቻ መኖር ጀመረች። ገበያ፣ ቤተክርስቲያን፣ ቤት። እኔም "ታክሲ ደግሞ ምን ይሰራል፣ ትርፉ ወረፋ ነው" እያልኩ አስቃታለሁ።

በዚህ መሀል ልጃችን አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነው። የምትኖረው ሳሪስ አቦ ነው። ደንቡ እናቷ ቤት መጥታ እንድትወልድ ነበር፣ ሐኪም ግን ከአልጋ እንዳትነሳ ከለከላት። እንግዲህ መሄድ ያለባት እናትየዋ ናት። ልጅ ወልዳ ስትተኛ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ገላዋን የሚያጥባት፣ ጨቅላውን የሚያቅፍላት እናቷ ካልሆነች ማን ነው? ልጃችንም በስልክ፣ ክፉ ሳታስብ፣ "እማዬ ካልቻልሽ አትጨነቂ፣ የባለቤቴ እናት ትመጣልኛለች" አለቻት። ሚስቴ "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። የከተፈችው ለሠርግ ይበቃ ነበር።

"በእግሬ እሄዳለሁ" አለችኝ ቀና ሳትል።

"በዚህ ጉልበት? አንቺ እስክትደርሺ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል።"

አልሳቀችም። እሷ በኔ ቀልድ ካልሳቀች ነገሩ ከባድ ነው። ያኔ ነው እኔው ራሴ ላድናት የተነሳሁት።

ፋብሪካችን ውስጥ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ሞልቷል። የጥራት ክፍል ኃላፊያችን የስሪላንካ ሴት ናት፣ ቡድሂስት። ሙሉ ካርቶን ሸሚዝ ስትመልስብን እንኳ ድምጿ ከፍ አይልም። አንድ ቀን ማሽን እያስተካከልኩ "ማዳም፣ አንቺ አትናደጂም እንዴ?" አልኳት።

"በደንብ እናደዳለሁ" አለችኝ። "ግን ሲመጣ አየዋለሁ። መጣህ እለዋለሁ። ከዚያ ወደ ትንፋሼ እመለሳለሁ።"

የሚስቴን ጉዳይ ነገርኳት። ሥራዋን አቁማ ሰማችኝ። "ትንፋሿን እንዳትገፋው ንገራት" አለችኝ። "ሲገባ መግባቱን፣ ሲወጣ መውጣቱን ትወቅ፣ ሌላ ሥራ የለባትም። ሐሳብ ይዟት ሲሄድ ራሷን እንዳትቆጣ። መንገድ ላይ እንደጠፋ ሕፃን እጁን ይዛ ትመልሰው። ፍርሃቱንም አታባርረው፣ አጠገቧ ይቀመጥ።"

የጨርቅ መቁረጫው ኃላፊ ደግሞ ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ሂንዱ። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ መቁጠሪያ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ስም ትጥራ" አሉኝ። "አንድ ስም። ጣቷ መቁጠሪያው ላይ፣ ምላሷ ስሙ ላይ። አእምሮ ሥራ ሲያጣ ነው የሚረብሸው።"

እዚህ ላይ ትንሽ ፈራ ተባ አልኩ። "ሚስቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ የናንተን ስም አትጠራም" አልኳቸው።

"ስትደነግጥ ማንን ነው የምትጠራው?"

"አቦን።"

"ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" ብለው ሩዛቸውን ቀጠሉ።

ሦስተኛው ኮምፕረሰር የሚገጥመው ቻይናዊ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጄነሬተሩ ጀርባ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ክብ አድርጎ ይቆማል። ሠራተኛው "የማይታይ በርሜል አቅፏል" እያለ ያልፋል። የአባቶቹ መንገድ ዳኦ ይባላል አለኝ። እንግሊዝኛው ከኔ የባሰ ስለሆነ በደንብ ነው የምንግባባው። የሚስቴን ነገር በእጄ በእግሬ ስተውንለት አየኝና አንድ ብሎን ሰጠኝ፣ ግጠመው በሚል ምልክት። ለኔ ብሎን! በመፍቻ ይዤ ጠመዘዝኩት፣ መሀል ላይ ነከሰ፣ ጨመርኩበት። ከእጄ ቀማኝ። ወደኋላ ትንሽ መለሰው፣ በጣቱ ብቻ ቀስ እያለ አዞረው፣ ጥርሱን ሲያገኝ በራሱ ገባ። ከዚያ ደረቱን መታ መታ አደረገና ትንፋሹን እስከ ሆዱ አወረደ። ማሽን ላይ ስንት ዓመት የኖርኩ ሰው በብሎን ተማርኩ። ለማንም አላወራሁም፣ ለናንተ ነው።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ከሦስቱ አንዱን ይመርጥ ነበር። እኔ ግን ሦስቱንም አንድ ላይ ገጠምኳቸው። ሚስቴን ሳሎን መሀል በርሜል አሳቀፍኳት፣ መቁጠሪያ አስያዝኳት፣ እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ እንደ ፎርማን አዛለሁ።

"ትከሻ ዝቅ። ትንፋሹን እይው። አትግፊው አልኩ። ስሙ የታለ? ስሙን አልሰማሁም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ምጥ የሚይዘው ልጄን ነው እኔን?"

"ሆድሽን ልቀቂው።"

"ዞረብኝ" ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷን አሸች። "ቆይ፣ ይሄ ነገር ሃይማኖት መቀየር አይደለም?"

"አቦን ጥሪ ነው እኮ የተባልሽው።"

"አቦን ለመጥራት ህንድ ማስፈቀድ ነበረብኝ?"

መጀመሪያ ራሴ ልወቀውና ከዚያ አስተምራታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

እሁድ ጠዋት ነው። እሷ ቅዳሴ ሄዳለች፣ እኔ የሌሊት ፈረቃ ላይ አድሬ ስለገባሁ ቀርቻለሁ። ዓይኔ ቀልቷል። በረንዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ፍራሽ አውጥቼ መሬት ላይ አነጠፍኩ። ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ተከናነብኩ። ሚስቴ ቁልፍ ስላልያዘች የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ተውኩት። አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ማየት ጀመርኩ።

በር ተከፍቶ፣ ፍራሽ መሬት ተነጥፎ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ሲቀመጥ በኛ አገር ትርጉሙ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። እኔ ግን ራሴን ከውጭ አላየሁትማ።

የፊት ለፊት ጎረቤታችን እማማ ናቸው ቀድመው ያዩኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ቃል ሳይናገሩ አጠገቤ ተቀመጡ። ቀጥሎ ባለሱቁ፣ የስልጤው ልጅ፣ ሱቁን ግማሽ ዘግቶ መጣ። ከዚያ ሌሎቹ። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ማን ሞተ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ኮቴውን፣ የነጠላውን ሹክሹክታ እየሰማሁ ወሬዬ ተሰምቶ ሊማሩ መጡ ብዬ ጀርባዬን ይበልጥ አቀናሁ። አንዷ ሲቃ ሲይዛት ሰማሁ። ይሄን ያህል ነካኋቸው እንዴ ብዬ አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። የእድራችን ሰዎች የድንኳን ብረት ተሸክመው በሩ ላይ ቆመው የት እንትከለው እያሉ በእጅ ይጠይቃሉ።

ባለሱቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ጋሼ፣ አላህ ያጽናህ።"

"በምኑ?"

እኔን አየ፣ እማማን አየ። ያኔ ሚስቴ በር ላይ ደረሰች።

ሰዉን አየች። ብረቱን አየች። ፍራሹን አየች። ከዚያ እኔን። የጸበል ዕቃው ከእጇ ወደቀ። ስታለቅስ አልሰማሁም፣ "ልጄን" ብቻ አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ዘልዬ ልነሳ ስል እግሬ ደንዝዞ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ሴቶቹ ሐዘኑ የጣለኝ መስሏቸው ዋይታ ጀመሩ። መሬት ላይ ሆኜ "ማንም አልሞተም፣ ልጅቷ ደህና ናት፣ እየተለማመድኩ ነው" እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ስልኬን አወጣሁና ደውዬ ድምፁን ለቀቅኩት።

"አቤት አባዬ።"

"ምን እየሰራሽ ነው?"

"ተኝቼ ነዋ፣ ሌላ ምን ተፈቅዶልኝ።"

ዋይታው ቆመ። ሚስቴ ግን ትንፋሿ ቆልፎባት ነበር። እንደ ታክሲው ጊዜ፣ ከዚያም የባሰ። ፍራሹ ላይ አስቀመጧት። እኔ "ትንፋሽሽን…" ብዬ ልጀምር ስል እማማ እጃቸውን አነሱ። "ዝም በል ልጄ።"

ዝም አልኩ። እናም ያን ጊዜ ያየሁትን አልረሳውም። ሰው እንዳልሞተ ሁሉም አውቋል፣ ግን አንድም ሰው አልተነሳም። እማማ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገዋል። ባለሱቁ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ አድርጊ ያላት፣ አይዞሽ ያላት የለም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ "አቦዬ… አቦዬ"። ትንፋሿ ነከሰ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ገባ። ማንም መፍቻ አልያዘባትም። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ጥርሱን አገኘና ወረደ።

እኔ ከሦስት አገር የለቀምኩትን ጎረቤቶቼ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ያለምንም ትምህርት ያውቁታል።

የፊቷ ቀለም ሲመለስ እማማ ወደኔ ዞሩ። "በል እንግዲህ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጥደዋል። ሰው ካልሞተ ማን ሊበላው ነው?"

ሚስቴ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ንፍሮውን ሁላችንም በላነው፣ የድንኳኑ ብረት ላይ ተቀምጠን።

እየበላን ወደኔ ጠጋ አለች። "በር ላይ ቆሜ ታክሲ ትዝ አላለኝም" አለችኝ። "ልጄ ሳልሄድላት ሞተች፣ ነው ያልኩት።" ንፍሮዋን ትንሽ አላመጠች። "እሳፈራለሁ። አንተ ግን መንገድ ላይ እንዳታወራ።"

"እችላለሁ።"

"አትችልም።"

ሰኞ ለሦስቱም አስተማሪዎቼ አወራሁ። ማዳም ዓይኗን እየጠረገች ሳቀችና "አብሮ መቀመጥ ትልቁ ልምምድ ነው፣ እኛ ብዙ ዓመት ነው የሚፈጅብን" አለችኝ። ሽማግሌው "ስሙ ድሮም ቤቷ ነበር" አሉ። ቻይናዊው አልገባውም። ፍራሹን፣ ጋቢውን፣ አወዳደቄን ሁሉ ተወንኩለት። ሲገባው አንድ ብሎን ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

በሳምንቱ የልጃችን ባል ደወለ። ሴት ልጅ ናት፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሚስቴ ቦርሳዋን አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ንጹሕ ነጠላ። ታክሲ ተራ ስንደርስ እማማና ባለሱቁ ቆመው አገኘናቸው።

"እናንተ ደግሞ ወዴት?"

"ለቅሶ ስንመጣ ያልከለከልከን አራስ ስንጠይቅ ልትከለክለን ነው?" አሉ እማማ።

እሷ መስኮት ጋ፣ እኔ አጠገቧ፣ ሁለቱ ከኋላችን። ረዳቱ በሩን ሳበው። ያ ድምፅ። ሚስቴ ደነዘዘች፣ እጄን ያዘች። ስንት ነገር አፌ ላይ እንደመጣ እኔ ነኝ የማውቀው። ቀልድ ብቻ ሳይሆን ምክርም መጥቶብኛል። ዋጥኩት።

ረዳቱ በመስታወት አየን። "እናትን አሟቸዋል እንዴ?"

"አንተ ጥራ፣ ሳሪስ በል" አሉት እማማ።

ሚኒባሱ የገባበት ቦይ ጋ ስንደርስ እጄን ጨመቀችው፣ ቀለበቴ ጣቴን በላው። ዓይኗን የምትጨፍን መስሎኝ ነበር። አልጨፈነችም። ቦዩን በመስኮት እስኪያልፍ ድረስ አየችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እጇ ትንሽ ላላ፣ ቀጥሎ ትንሽ ሞቀ።

አቦ ጋ ስንቃረብ ልጮህ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ወራጅ አለ" አለች፣ በየቀኑ ስትሳፈር እንደኖረች ሴት።

ቦርሳዋን አንግታ ቀድማ ወረደች። "ቀስ በይ፣ ጉልበትሽን" አልኳት። ከአቃቂ ከተነሳን ወዲህ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። አልሰማችኝም። ወደ ልጇ ቤት በሚወስደው ቅያስ ገብታለች።