ውኃው ሲበርድ የሚወጣ ጣዕም

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ሙከይፍ የሚሉትን በውኃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ በመጠገን እኔን የሚስተካከል አልነበረም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ አሮጌ ሞተር እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴን አስተማርኩ። ሱዳኖቹ «ባሽሙሀንዲስ» ይሉኝ ነበር፤ ኢንጂነር ማለታቸው ነው። መለኪያ ይዤ አላውቅም። መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳርፌ፣ በሙቀቱ ብቻ ጉዳቱን እናገር ነበር።

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለ በዓመቱ ገደማ ስኳር በሽታ ያዘኝና ጣቶቼ ደነዘዙ። ለማንም አልተናገርኩም። ከታወቀ ሥራዬ አበቃ።

ሐኪሙ ስኳር የታጨቀበትን ሻይ ከለከለኝና አረንጓዴ ሻይ ይልመዱ አለኝ። ሦስት ዓይነት ገዛሁ። እንደለመድኩት ቀይ ሻይ አንተክትኬ አፈላሁት። አንዱ ሣር ሣር አለኝ፣ ሌላው ዝገት ዝገት፣ ሦስተኛውን ተፋሁት። ፋብሪካዎቹ አያውቁበትም ብዬ ፈረድኩ።

ከሱቄ ፊት፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጥ የወሎ ሴት ነበረች። ቻይናዎች ቤት ተቀጥራ ስለሠራች ነገሩን ታውቀዋለች።

«አባባ፣ ቅጠሉ ምን አደረገዎት? ጎመን አስመሰሉት እኮ!» ብላ የቀቀልኩትን አይታ ሳቀች። «ውኃው ሲፈላ አውርደው ይተዉት። ማንቆርቆሪያውን እጅ መቻል ሲጀምር፣ ያኔ ቅጠሉ ላይ ያፍስሱ።»

«ሙቀት ለእኔ ልታስተምሪ?» አልኩና ያወረደችውን ማንቆርቆሪያ በመዳፌ ያዝኩ። «ደርሷል።»

«ይልቀቁት! አሁን እኮ ነው የወረደው!»

ለቀቅኩት። መዳፌ ቀልቷል፤ ምንም አልተሰማኝም።

«የመካኒክ እጅ አይቃጠልም።»

አልሳቀችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ።»

«አብሽር፣ አባባ» አለች፣ እጄ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሰች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን በራሷ ጣት እየሞከረች ጠበቀችና ቀዳችልኝ። ያ ሣር ሣር ያለኝ ሻይ ነበር። አሁን የባቄላ እሸት ጣዕም ሰጠ፤ ከተዋጠ በኋላ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ጣፈጥ ይላል። ይህን የሚለይ ምላስ ያለው ሰው ብዙ አይመስለኝም።

ብርጭቆውን ሳልጨርስ አንድ ደንበኛ ሞተር ተሸክሞ መጣ። ሱቄ በር ላይ ሰክተን አስነሳነው።

«ያላ ባሽሙሀንዲስ፣ ንካውና ንገረኝ። ከልክ በላይ ይግላል?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። እጄን ዘረጋሁና መለስኩት።

«ሌላ ሰው ጋ ውሰደው» አልኩት።

እሱ ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም፤ አላዘንኩምም። ሞተሩን ነቅሎ ሲሄድ እያየሁ፣ ሁለተኛ እንድትቀዳልኝ ብርጭቆዬን አቀበልኳት።