ሞተር ለማየት የወጣን ዕለት

አባቴ የተቀበሩ ዕለት እኔ መንዝ ላይ፣ ከአንድ ኮረብታ ተቀምጬ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ሲያልፉ ሳይ ዋልኩ። ይህን ስናገር ሰው ይደነግጣል፤ “አላወቅህም እንጂ” ብሎ ሊያጽናናኝም ይሞክራል። አዎ፣ አላወቅሁም። አብረውኝ የነበሩት ግን ያውቁ ነበር።

ያኔ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበርኩ። ሁለት የልብ ባልንጀሮች ነበሩኝ፤ አንደኛው የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ሁለተኛው ጋራዥ ያለው መካኒክ። ሁለቱም ሞተር ነበራቸው። እኔ እግረኛው ከመካኒኩ ኋላ እፈናጠጣለሁ። መካኒኩ መሪውን ለማንም አያስነካም፤ ድሬሰሩ “ሚስቱን ብንለምነው ይሻላል” እያለ ያሾፍበት ነበር። ድሬሰሩ አፉ አያርፍም፤ መርፌ ሲወጋ እንኳ በሽተኛውን እያሳቀ ነው።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ ጣልያን ጥሎት የሄደውን ሞተር እየጠገኑ የሚነዱ የአዲስ አበባና የደብረ ብርሃን ጋራዥ ሰዎች ውድድር አዘጋጁ። ከደብረ ብርሃን ተነሥተው፣ በጣርማ በርና በሞላሌ አድርገው መሐል ሜዳ ይገባሉ። የሚያሸንፈው የቀደመ ሳይሆን ሞተሩ አንድም ጊዜ ሳይጠፋበት የደረሰ ነው። በዚያ ዳገትና በዚያ ድንጋይ ላይ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። መካኒኩ ወሬውን ከሰማ ጀምሮ ሌላ ጨዋታ ጠፋው። “ቀድመን ወጥተን መንዝ ላይ እንቀበላቸው” አለን።

እኔ እሺ ያልኩት ለሞተር ብዬ አልነበረም። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ የሚያገለግሉበት ደብር ከመኪናው መንገድ ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ ገደል ባሻገር ነው። ከገና ጾም ወዲህ ታመው አልጋ ይዘዋል። በገበያተኛ “ሳልሞት ዓይኑን ልየው” ብለው ልከውብኝ ነበር። በእግር ብዙ የሚያለፋው መንገድ በሞተር የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ መካኒኩም ውድድሩን ካየን በኋላ ገደሉን ዞሮ እደጃቸው ሊያደርሰኝ ቃል ገባልኝ። እኔም ቀኑን ቆርጬ “በሞተር እመጣለሁ፣ ጠብቁኝ” ብዬ መልሼ ላክሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከፊታችን ያለውን ሰው እስኪሰውር ድረስ ከብዶ ነበር፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሞላሌ ስንደርስ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ገና ሳንቀመጥ የደብራችን ሰው፣ የአባቴ ጎረቤት፣ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ሲመጣ አየሁት። እሱም አየኝና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጉንጬን ስሞ ስሞ አልጠግብ አለ።

“አባቴስ እንዴት ናቸው?” አልኩት።

“ደኅና ናቸው። ዛሬስ ሕመሙ ለቀቃቸው” አለኝ፣ ዓይኑን መሬት መሬት እያደረገ።

ደስ አለኝ። መካኒኩ ቀደም ሲል “ጎማው ጎድሏል፣ ንፋስ ስጠው” ብሎኝ ስለነበር ወደ ሞተሩ ወጣሁ። ስመለስ ጎረቤታችን ሄዷል፤ ባልንጀሮቼ የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩትም።

በኋላ እንደሰማሁት አባቴ ያረፉት በዚያው ሌሊት ነበር። ሰውየው ሞላሌ ላለ ዘመድ ሊነግር የመጣ ነው። እኔ ጎማ ስሞላ ለሁለቱ ነገራቸው፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ መሆኑንም ጭምር። ሦስቱ ተማከሩ። በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ ሜዳ ላይ አይጣልም። ሰው መርዶ የሚረዳው በጎሕ፣ ከቤት ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት ነው። መንገድ ላይ፣ ያውም ገደል ለገደል በሚሄድ ብረት ላይ ለተቀመጠ ሰው “አባትህ ሞቱ” ብሎ የሚናገር እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቆጠራል። ስለዚህ እስከ ማግስቱ ጎሕ ሊይዙኝ ተስማሙ።

ከሞላሌ ወዲያ ሁለቱም ሌላ ሰው ሆኑብኝ። መካኒኩ “በርዶሃል” ብሎ የቆዳ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝና እሱ በሸሚዝ ነዳ። ድሬሰሩ ቀልዱን ተወ። “ተጣላችሁ እንዴ?” አልኳቸው። ወደ ደብራችን የሚገነጠለው መንገድ አፍ ላይ ስንደርስ የመካኒኩን ትከሻ መታ መታ አደረግሁት።

“እዚሁ አውርደኝ። እኔ ልሂድ፣ እናንተ ሞተራችሁን እዩ።”

“ተው እንጂ፤ አይተን ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን” አለኝ፤ ሞተሩንም አላቆመ።

አባቴ እንግዳ ይወዱ ነበር። ከሁለት ባልንጀሮች ጋር ስገባ ደስ ይላቸዋል ብዬ ተስማማሁ።

የተቀመጥንበት ኮረብታ መንገዱን ከሩቅ ያሳያል። የአገሩ ሰው ከኛ ቀድሞ ሞልቶበታል። የመጀመሪያው ሞተር ከዳገቱ ሥር እያጓራ ብቅ ሲል ልጆቹ ጮኹ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ከአጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ጨብጠው ተነሡ።

“ይኼን ድምጥ አውቀዋለሁ። ይኼ በመጣ ማግስት ቤት ይቃጠል ነበር” አሉ።

“አባቴ፣ ዛሬ የሚነዱት የኛው ልጆች ናቸው” አላቸው መካኒኩ።

“ይሁን። ጆሮዬ ግን አልታረቀውም” ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ሞተሮቹ ተራርቀው ነበር የሚመጡት። አንዱ ካለፈ በኋላ ረጅም ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ከሥር ማጓራት ይሰማል። አንዳንዱ ጎኑ ላይ የተጠገነ የቆርቆሮ ጋሪ አለው፤ አንዳንዱ ጭሱ ነጂውን ይውጠዋል። እኔ ላለፈው ሁሉ ቆሜ አጨበጭባለሁ። አባቴን ላያቸው ነው፣ ሕመሙ ለቋቸዋል፤ ምን ጎደለኝ? ከገደሉ ማዶ ጠቆር ብሎ የሚታይ ዛፍ ነበር።

“ያ የኛ ደብር ነው” ብዬ ለድሬሰሩ አሳየሁት። አላየልኝም። ዓይኑ ውስጥ አቧራ እንደገባበት ሁሉ ፊቱን በሻርፑ ሸፈነ።

የመጨረሻው ሞተር ሲያልፍ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ተነሥቼ “በሉ እንሂድ” አልኩ። መካኒኩ ሞተሩን ረገጠው፤ ዝም። ደግሞ ረገጠው። ተንበርክኮ ከፈተ፣ ዘጋ፣ “ካንዴላው ሞቷል፣ እሳት አይሰጥም” አለኝ። ድሬሰሩን “በአንተ ሞተር አድርሰኝ” ብለውም “ቤንዚኑ አልቋል” አለ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

“የሰው ሞተር ስታድን ትኖራለህ፤ የራስህ አንድ ቀን ቢፈለግ ገደልከው! አንተ ብሎ መካኒክ!”

አቀርቅሮ መፍቻውን መጠቅለል ያዘ። ወትሮ በሙያው የመጣበትን ሰው ሳይሰድብ አይለቅም ነበር።

ውድድሩን የሚከተለው ካሚዮን ሦስታችንንም ከነሞተሮቻችን ጭኖ መሐል ሜዳ አደረሰን። ገደሉን በእግሬ ልውረድ ብዬ ብታገልም ግራና ቀኝ ይዘው “ይመሽብሃል፣ ነገ በማለዳ” አሉኝ። አኩርፌ ተኛሁ።

በጎሕ በሩ ተከፈተ። መሐል ሜዳ የሚኖሩት አጎቴ ከሽማግሌዎች ጋር ገቡ፤ ድሬሰሩ ነበር የጠራቸው። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባኝ። የጮኽኩትን ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ያስታውሰዋል። ባልንጀሮቼ ክንዴን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ።

ለቅሶው በረድ ሲል ወደ ደጅ ወጣን። መካኒኩ ሞተሩን ረገጠው፤ በአንድ ርግጫ ተነሣ። አየሁት። እሱም አየኝ።

“ነግረንህ ሞተር ላይ ብትቀመጥ አንተንም ከገደል እናወጣህ ነበር” አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይኸንኑ አደርግ ነበር ይሆናል። ግን መንገዱ ክፍት ነበር፣ ሰዓቱም ነበረ፣ አባቴም መሬት አልገቡም ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ፤ የምናደድበት ሰው ግን የለኝም። ሁለቱም ለኔ ብለው ነው ያደረጉት።

ቤታችን ደርሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ታላቅ እኅቴ ጓዳ ወሰደችኝ።

“የት ቀረህ ወንድምዬ?” አለችኝ። “አባባን ሰባት ቦታ እያሳረፍን፣ ፍትሐት እየደረሰላቸው ስናመጣ፣ መጨረሻው ማረፊያ ላይ ሞተር ሰማን። ነፋሱ ወደኛ ነበር። ቄሰ ገበዙ ‘አሳርፏቸው፣ ልጃቸው መጣ’ አሉ። ካህናቱ ዜማውን አቆሙ። እማዬ እንባዋን ጠርጋ መንገዱ አፍ ላይ ቆመች።”

እጄን ያዘች።

“ድምጡ ወደ መሐል ሜዳ አለፈ። ሌላ መጣ፤ ‘ይኼስ እሱ ነው’ ተባለ፤ እሱም አለፈ። በመጣው ሁሉ አንተ ነህ እያልን እንነሣለን፣ ሲያልፍ እንቀመጣለን። በኋላ መሸና አነሧቸው።”

ነፋሱ ወደነሱ ስለነበር የነሱ ለቅሶ ለኛ አልተሰማም። እነሱ ሞተር በመጣ ቁጥር ሲነሡ፣ ባለፈ ቁጥር ሲቀመጡ፣ እኔ ማዶ ኮረብታው ላይ ቆሜ ለያንዳንዱ አጨበጭብ ነበር።