የግራዝማች ሂርጳ ሰንጠረዥ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ከጉደር አምቦ ድረስ ቤቴ መጥታ ነበር። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መቅጃውን ከፈተችና፣ «ጋሼ፣ ዱሮ መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥ ያውቃሉ ብለውኝ ነው» አለችኝ። ማን እንዳላት እንጃ። ቼዝ ማስተማሬን የሰማ ሁሉ አሮጌውንም የማውቅ ይመስለዋል። እኔ የማስታውሰው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ አምቦ ተመድቤ ነበር። ቼዝን የለመድኩት ከመጽሐፍ ነው፤ ከመምህራኑ መካከል የሚያሸንፈኝ ስለጠፋ ደረቴን መንፋት ጀምሬ ነበር። ታዲያ ጉደር ላይ ግራዝማች ሂርጳ የሚባሉ አዛውንት እንዳሉ ሰማሁ። በልጅነታቸው በአንድ መኳንንት ግቢ አድገው አሮጌውን ሰንጠረዥ እዚያ ተምረዋል። የመጨረሻው የጨዋታ ጓደኛቸው ካቺሲ ላይ ከሞተ ወዲህ ግን የሚገጥማቸው አጥተው፣ «የሚማርልኝ አንድ ሰው ባገኝ» ይሉ ነበር አሉ። እኔም ያን ጨዋታ ለመማር ጓጓሁና መምጣቴን አስቀድሜ አስነገርኩ።

ኅዳር ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ስሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ የገለባው ሽታ በመስኮት ይገባል። ግራዝማች ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ «ኮቱ፣ ኮቱ! ግባ መምህር» አሉኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ቅቤ የጠገበ ጭኮ አቀረቡልን። እንደዚያ ያለ ጭኮ ከዚያ በኋላ አልበላሁም፤ ወይም አፌ አርጅቷል።

ከተበላ በኋላ ግራዝማች ቀይ ጨርቅ ዘረጉ። በጥቁር መስመር ከመከፋፈሉ በቀር እንደኛ ሰሌዳ ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ጠጠሮቹ ከቀንድ የተቀረጹ ናቸው፤ በእኛ ጳጳስ ቦታ ዝሆን አለ።

«መጀመሪያ ባንተ ሕግ እንጫወት፤ እንግዳ ነህ። ቀጥሎ የእኔን አሳይሃለሁ» አሉ።

ሕጉን አስረዳኋቸው፤ ቶሎ ገባቸው። እኔ ወታደሮቼን መሃል ላይ ሳቆም እሳቸው የዳር ወታደራቸውን ገፉ። ቀጥሎ የወዲያኛውን ዳር። እንዲህ ያለ አከፋፈት መጽሐፌ ውስጥ አልነበረም። ፈረሶቻቸውን ተራ በተራ አወጡ። የመሃል ወታደሬ ያለ ጠባቂ ቀርቶ ነበር፤ ፈረሳቸው ሊበላው ሲችል አልነኩትም። «አላዩትም» አልኩ በሆዴ። ለሽማግሌ ብዬ ማለዘብ ደግሞ እሳቸውን መናቅ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ጳጳሴን ንጉሣቸው ደጅ ላይ ሠዋሁት። ንጉሡ በላው። ፈረሴ ተከተለ፣ ንግሥቲቱ ተከተለች፣ ምስኪኑ ንጉሥ እየተነዳ ሜዳው መሃል ድረስ ወጣና ተከበበ። በዕድሜዬ ከተጫወትኩት ሁሉ ያማረው ያ ነው። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኝና ወዲያው ይቆጨኛል።

«ማት» አልኩ።

ጨርቁን ትክ ብለው አዩት። «አለቀ?»

«አለቀ፣ ግራዝማች።»

«እንዴት ፈጣን ነው!» ብለው ፈገግ አሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም። «በል እንግዲህ፣ የእኔን ምን ታደርገዋለህ? ያንተ ይሻላል። ልጆቹን እሱን አስተምራቸው።» ጠጠሮቹን ሰብስበው ጨርቁን ጠቀለሉ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሄጃለሁ። አብልተው አጠጥተው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቀው፣ ስለ ወንጪ ፈረሶች አጫውተው ይሸኙኛል። የሰንጠረዡን ነገር ሳነሳ ግን፣ «ቶሌ፣ ሌላ ጊዜ» ነው መልሳቸው። እኔም ጊዜው የማያልቅ መስሎኝ ሳልጫናቸው እመለስ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ሞቱ።

ለቅሶ ስደርስ ወይዘሮ ጫልቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ያን ቀን እኮ ሠራዊትህን ሰድረህ እስክትጨርስ እየጠበቁህ ነበር ልጄ» አሉኝ። «በእሳቸው ጨዋታ መጀመሪያ ሁለቱም እንደልባቸው ይሰድራሉ። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። እንግዳ ሳይሰድር ቀድሞ መብላት ነውር ነው ይሉ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔም ጠይቄአቸዋለሁ። ‹መጠበቅ የማያሻው ጨዋታ መጥቷል፤ የእኔን ማን ይፈልገዋል?› አሉኝ።»

እኔ ነበርኩ የምፈልገው። የሄድኩትም ለእሱ ነበር። ደግሞስ ያን ቀን የተሸነፈው የእሳቸው ጨዋታ መቼ ሆነና! እሱንማ አንዴም አልተጫወትነውም። ይህን ልነግራቸው ስችል አላወቅኩም፤ ሳውቅ እሳቸው የሉም።

ለልጅቷ ይህንኑ ነገርኳት። ሻዩ ሳይበርድ የማውቀው አለቀ። ሁለቱም ሰድረው መጨረሳቸው በምን ይታወቃል? ዝሆኑ እንዴት ይሄዳል? ወታደሩ ዳር ሲደርስ ምን ይሆናል? ለሁሉም «አላውቅም» አልኩ። ስልኳን እያነሳች፣ «ጋሼ፣ ይህን በደንብ የሚያውቅ ሰው አጋጥሞዎት አያውቅም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አጋጥሞኝ ነበር» አልኳት፤ «አሸነፍኳቸው።»