እትዬ አስካለ ያዘዙት ሞቭ ቀሚስ

ልጅ እያለሁ «አላውቅም» ማለት ሞት የሚመስለኝ ጉረኛ ነበርኩ። ጎፋ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ። እናቴ ቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ደንበኞቿ በተሰበሰቡበት «ልጄ እኮ እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች» ትላለች። እኔም ያፈርኩ መስዬ አንገቴን እደፋለሁ፤ ውስጤ ግን ይፈነድቃል።

አንድ ሰኞ እትዬ አስካለ መጡ። ጡረታ የወጡ የቢሮ ታይፒስት ናቸው፤ በአማርኛቸው መሀል ያረጀ እንግሊዝኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ። እሁድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። «ቀሚሴን ሞቭ አድርጊልኝ በላይነሽ፤ ጫማዬም ቦርሳዬም ሞቭ ነው። ጨርቁን አንቺው ምረጪ» ብለው ዘመድ ሊጠሩ ደብረ ብርሃን ሄዱ። እናቴን ይሉኝታ ያዛት። ምን ዓይነት ቀለም ነው ብላ ሳትጠይቅ ሸኘቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«አረንጓዴ ነው» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ማክሰኞ መርካቶ ወርዳ ደማቅ አረንጓዴ ሳቲን ገዛች። መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ሲገባ ግን «ተሳስቼስ ቢሆን?» ማለት ጀመርኩ። ረቡዕ የእንግሊዝኛ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ለካ እሳቸውም አያውቁትም! ግን ምንም አላፈሩም፤ መዝገበ ቃላት አምጥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፤ የድሮ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት» አሉኝ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ልንገራት እልና፣ እያንጎራጎረች እጅጌውን ስትገጥም ሳያት እተወዋለሁ። ሐሙስም እንዲሁ ስብሰለሰል መሸ። ረቡዕ ብነግራት ኖሮ ሌላ ጨርቅ ገዝታ ትደርስበት ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ዓርብ እትዬ አስካለ ጫማቸውን ይዘው ከች አሉ። ከቀሚሱ ጎን ሲያስቀምጡት እናቴ ጫማውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። ቀለሙን ሳላውቀው፣ እርስዎንም ሳልጠይቅ ቆረጥኩት» አለች። ስሜን አላነሳችም።

እትዬ አስካለ ጫማቸውን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱ። «ምን ይደረጋል፣ የሐበሻ ቀሚሴን እለብሳለሁ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ልብስ እኛ ቤት አላሰፉም።

እናቴ አልገረፈችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ብትገርፈኝ በስንት ጣዕሙ።

ዛሬ ልጄ እንዲህ ያለውን ቃል ስልኳን ነካ አድርጋ ታገኘዋለች። እኔም እንጀራዬ ትርጉም ሆኗል፤ የማላውቀውን ሲጠይቁኝ «አላውቅም፣ ቆይ ልይ» ማለት አይከብደኝም። ባለፈው ወር እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መድኃኒቷ ውስጥ ያለውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ላነብላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጉንጬን ዳበስ አደረገችኝ።

«ተይው የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «ፋርማሲስቷን እጠይቃታለሁ።»