ባሕር የበላው ሐብሐብ

እኔ ሐብሐብ ስገዛ በጣቴ አንኳኩቼ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ካላዳመጥኩ ወላሂ አልወስድም። እዚህ ሐርጌሳ፣ የዋሄን ገበያው ሻጭ፣ "ሐብሐብ ነው እንጂ በር አይደለም" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ልማዱ የአባቴ ነው። ትናንትም አንዱን እንዲያ ሳንኳኳ ያ ድፍን ያለ ድምፅ ወጣና፣ ያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ ጠፍቶብኝ ልቤ ብር ብሎ ልጅ ሆኜ ወደሄድንባት ደሴት ሄደ።

ያኔ ከድሬዳዋ ወደ ሐርጌሳ ከመጣን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር። እህቴ ተድራ ዱባይ ልትሄድ ሳምንት ቀርቷታል። አባቴ ምን እንደነካው እንጃ፣ "ሳትበተኑብኝ ባሕር ላሳያችሁ" ብሎ መኪና ተከራየ። አሸዋ ለአሸዋ ስንናጥ ውለን ባሕሩ ዳር ያለችው ዘይላ አደርን፤ በነጋታው በጀልባ ማዶ ወዳለችው ደሴት ተሻገርን። ሰው የሚባል የለባትም። ነጭ አሸዋ፣ ወፍ፣ ፀሐይ፣ በቃ።

ሐርጌሳ ውስጥ አማርኛችን የቤት ቋንቋ ነው፤ ሚኒባስ ላይ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምናወራው። እዚያ ግን እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ድሪያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ "ኧረ ልጆች ኑ! ኧረ ይሄን ጉድ እዩ!" እያለች ስትጮህ የሚሰማት ወፍ ብቻ ነበር። እንደዚያ ስትጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቻት አላውቅም።

ሐብሐቡን ይዛ የመጣችው እሷ ናት። እንዲቀዘቅዝ ብላ ውሃው ዳር አሸዋውን ጫር አድርጋ አስቀመጠችው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረችለት። ልጅ ሆና ሐረር ገጠር፣ ወንዝ ዳር ሲያደርጉ ያየችውን ነው።

"ማንም እንዳይነካው! መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱን በልተን እንሄዳለን" አለች።

አባቴ ዓሣ ጠበሰ፤ ግማሹን አሳረረው። የጭሱና የጨው ሽታው እስከዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ጀልባዋ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ ዛጎል ስለቅም ዋልኩ። እህቴና እናቴ ግን እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ አልተነሱም። ትልቅ ምስጢር የሚያወሩ መስሎኝ ተጠግቼ ባዳምጥ፣ ለካ ስለ ሩዝ ነው።

"ጨዉን ውሃው ሲፈላ ነው፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ እማዬ።"

ውሃውን በእግራቸው ገፋ ገፋ ያደርጉና ተመልሰው ስለ ሩዝ። ያኔ ነው መሄዷ እውነት መሆኑ የገባኝ። ዛጎሌን መልቀም ቀጠልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀልባ ነጂው ተነሱ አለ። አባቴ እጁን እያሻሸ፣ "በሉ ሐብሐቡን አምጡ!" አለ። ብንሄድ ምን ሐብሐብ አለ! ድንጋዩም አሸዋውም ባሕር ሆኗል። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው፣ ባሕር እየሞላ እየጎደለ እንደሚውል በምን ያውቃል? ጀልባ ነጂው በሳቅ ሞተ። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ "ያ አላህ! ሐብሐብ ዋና ይችላል እንዴ?" ይላል። እናቴ ደግሞ፣ "ሳንበላው አንሄድም ብያለሁ!" ብላ አሸዋው ላይ ዘጭ አለች። እየሳቅን፣ እየተራጨን ስንፈልግ ፀሐይዋ ጠለቀች። ጀልባ ነጂው የምሩን ባይቆጣ ኖሮ እዚያው እናድር ነበር።

እህቴ በሳምንቱ ሄደች። "ለዒድ እመጣለሁ" ብላ ነበር። ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፤ ዒዱ ይመጣል፣ እሷ ትቀራለች። አባቴም ሳያያት ሞተ፤ አላህ ይዘንለት።

ትናንት ማታ ስትደውል ሐብሐብ መግዛቴን ነገርኳት።

"ሲሄድ አይቼዋለሁ እኮ" አለችኝ።

"ማን ሲሄድ?"

"ያ የደሴቱ ሐብሐብ። ውሃው ቀስ አድርጎ አነሳው፣ ወሰደው። እማዬ በልተን እንሄዳለን አላለችም? እንግዲህ ካልተበላ አንሄድም ብዬ ዝም አልኩ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። እናቴ የገዛሁትን ሐብሐብ እየቆረጠች ነበር።

"ሰማሽልኝ የልጅሽን ጉድ? ያኔ ባሕሩ ሐብሐቡን ሲወስደው እያየች ነው ዝም ያለችው!" አልኳት።

እናቴ ቀና እንኳ አላለችም። ፍሬውን በቢላዋው ጫፍ እየለቀመች፣

"እኔስ ጎኗ አልነበርኩም?" አለችኝ። "ዓይን የለኝም እንዴ?"